ለአዲስ ኢንተርኖች (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ለሚማሩ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች)፦ ሲኒየር የሚጠራው መቼ ነው?

ልጆቼ፣ ግቢ ስትገቡ ሲኒየር ማለት ያለፈውን ዓመት ፈተና ኮፒ የሚያቀብል፣ አንዳንዴም ፍሬሹን አሳስቶ የሌላ ዲፓርትመንት ክላስ የሚያስገባ ልጅ ነበር። ዓመት ሲዞር እናንተም ሆናችሁት፤ ምንም ሳትሠሩ። በየቢሮው «ሲኒየር ባለሙያ» የሚባለው ደግሞ የደረጃና የደመወዝ ጉዳይ ነውና ልለፈው። የዋርዱ፣ የሕሙማን ክፍሉ፣ ሲኒየር ግን ሌላ ነው። ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ ነገር ሲከፋ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚወስን ሐኪም ነው።

እዚህ ጎንደር በማዋለድ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሲኒየር በሌሊት መቀስቀስ ነውር የሚመስለው ኢንተርን ብዙ ነው። አይፈረድበትም፤ ታላቅ ሲተኛ በእግር ጣት እየተራመድን ነው ያደግነው። ጥሩ ባህል ነው፣ ቤት ይቆይ።

የወለደች እናት ስትደማ እዩ። ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ በዝቷል እንላለን፤ አንሶላው የመጠጠውን ግን ማን ይለካዋል? ደግሞ ወጣት እናት ቢፒዋ (የደም ግፊቷ) ቶሎ አይወርድም፤ ቀድሞ የሚፈጥነው ፐልሷ (የልብ ምቷ) ነው። «ቢፒዋ ደህና ነው» ተብሎ ሲጠበቅ፣ ቢፒው የወረደ ጊዜ ብዙ ደም ሄዷል። ማኅፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ስጡ፣ ማኅፀኗን እሹ፣ ፈሳሽ ጀምሩላት፣ ደም ይዘጋጅ። ይህ ሁሉ ሲሠራ አንዳችሁ ደውሉ፤ ሬዚደንቱ (ስፔሻላይዝ ለማድረግ እየተማረ ያለው ሐኪም) ኦፕሬሽን ላይ ከሆነ በቀጥታ ለሲኒየሩ።

ስልኩ ላይ በይቅርታ አትጀምሩ። «ከወለደች 40 ደቂቃ ሆኗታል፣ እየደማች ነው፤ ፐልስ 124፣ ቢፒ 90 በ60። ኦክሲቶሲን ሰጥተናል፣ ማኅፀኗ አልጠነከረም። ይምጡልን።» በቃ። «ይምጡልን» ካላላችሁት፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው ምክር ሰጥቶ መልሶ ይተኛል። እኛን ሲኒየሮችን አውቃለሁ።

አዋላጇንም ከእናንተ በታች አድርጋችሁ አትዩ። የጎንደር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ ያሠለጠነው፣ ጤና ጣቢያ ላይ አብረው እንዲሠሩ ብሎ ነው። ተማሪዎች ዛሬም ቲም ትሬኒንግ (የቡድን ሥልጠና) የሚወጡት በዚያው መንፈስ ነው። እናንተ ሳትወለዱ ስታዋልድ የነበረች ሲስተር «ይቺ ልጅ አላማረችኝም» ካለቻችሁ፣ ቁጥር ሳትጠብቁ ተነሱ። በኔ ዓይን የዚያ ሌሊት ሲኒየር እሷ ናት።

የሚቆጣ ሲኒየርም ይገጥማችኋል። «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?» ይላል፤ ሞርኒንግ ሴሽን (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ላይም በሰው ፊት ይደግመዋል። ይበል። ለከንቱ የተጠራ ሲኒየር የሚያጣው እንቅልፍ ነው፣ ቀን ይተኛዋል። ስልኩን ካላነሳ ግን ደጋግማችሁ እየሞከራችሁ ደቂቃ አትግደሉ፤ ለሌላ ሲኒየር ደውሉ፣ የደወላችሁበትንም ሰዓት ወዲያው ቻርቷ (የሕክምና መዝገቧ) ላይ ጻፉ። ጠዋት መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።