የውሃ ጥራት ባለሙያዎችን ለምትመሩ ወጣቶች

ልጆቼ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኬሚስቶችና የመሐንዲሶች አስተባባሪ ሆናችሁ ስትመደቡ ከሪፖርቱ በፊት የናሙና ጠርሙሱን እዩ። ማን ቀዳው? ስንት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ደረሰ? ለባክቴሪያ ምርመራ የሚቀዳ ውሃ በረዶ ባለበት ሳጥን ተይዞ ቢቻል በ6፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ክሎሪን ካለው ቦኖ ሲቀዳ ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪንን የሚያከሽፈው ኬሚካል ሶዲየም ታዮሰልፌት ካልገባ፣ ክሎሪኑ መንገድ ላይም ባክቴሪያውን መግደሉን ስለሚቀጥል የተበከለው ውሃ ንጹሕ መስሎ ይወጣል።

መኪናና አበል ስትፈቅዱም ቀኑን ቁጠሩ። ቢኦዲ፣ ማለትም ባክቴሪያ በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያፈርስ የሚጠቀመው ኦክስጅን የሚለካበት ምርመራ፣ ናሙናው 5 ቀን በ20 ዲግሪ ይቀመጥበታል። ሰኞ የገባው ቅዳሜ፣ ማክሰኞ የገባው እሑድ ይነበባል፤ የዕረፍት ቀን የሚገባ ሰው ካልመደባችሁ ሥራው ከንቱ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ዋናው ፈተና ፍሎራይድ ነው፤ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኝ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። መሐንዲሱ ብዙ ውሃ የሚሰጠውን ጥልቅ ጉድጓድ ይወዳል፤ ኬሚስቱ የልጆቹን ጥርስ ያስባል። ሁለቱም ልክ ናቸውና አንድ መኪና ላይ አሳፍሯቸው። ናሙናው ጉድጓዱ የሚሰጠው ውሃ የሚለካበት የፓምፕ ሙከራ እንደተጀመረ ሳይሆን ወደ ማብቂያው፣ የውሃው ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) ሲረጋ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳ። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይወቁት።

ፍሎራይዱን ለመቀነስ የሁለት ጉድጓድ ውሃ ማደባለቅ ከተመረጠ ስሌቱን አብራችሁ ሥሩ። አንዱ 3፣ ሌላው 0.5 ሚሊግራም ቢኖረው እኩል በእኩል ሲደባለቁ 1.75 ይሆናል፤ አሁንም ከወሰኑ በላይ ነው። ለ2 ሊትር ከመጀመሪያው 3 ሊትር ከሁለተኛው ሲገባ ልክ 1.5 ላይ ይደርሳል፤ ያ ግን ጠርዝ ነው፣ መጠባበቂያ የለውም። የሁለተኛው ፓምፕ በተበላሸ ቀን ሕዝቡ 3 ይጠጣል። ስለዚህ አንዱ ሲቆም ሌላውም እንዲቆም መሐንዲሱ መቆጣጠሪያውን ያገናኘው፣ መለዋወጫ ፓምፕም መጋዘን ይቀመጥ።

አለቃ «ይህን ውጤት አስተካክሉ» ቢላችሁ ናሙናው እንደገና ይቀዳ እንጂ ቁጥሩ አይነካ። ይህን ጫና ተሸክማችሁ ባለሙያውን መከለል የእናንተ ሥራ ነው። የመስክ መዝገብ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዝ፤ የቀድሞው ቁጥር ከሥሩ ይነበብ፣ የሰረዘው ሰው ፊርማና ቀኑ ከጎኑ ይኑር።