ከሣጥን ወደ ሰው ፊት ለመዝለል ላሰቡት እኅት

እኅቴ፣ በጀማሪዎች የንድፍ ክፍል 5 ሳምንት ሙሉ ሣጥንና ሲኒ ብቻ ሲሥሉ መቆየትዎን ጠቅሰው፣ በቀጥታ ወደ ፊት ንድፍ ክፍል ቢዛወሩ ይሻል እንደሆነ የጠየቁትን አነበብሁ። እባክዎ አይዛወሩ፤ ይህን የምለው እኔው ራሴ ተዛውሬ ስላየሁት ነው።

የተማርሁበት ስቱዲዮ ትምህርቱን በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ ከመስመርና ከልኬት ተነሥቶ፣ በብርሃንና ጥላ አልፎ፣ ከጂፕሰም ቅርጽ (ከነጭ ጂፕሰም ከተሠራ ሐውልት) በኋላ ተማሪውን በሕያው ሞዴል ፊት ያስቀምጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ የተማሩ ሠዓልያንም ከታተመ ንድፍ ወደ ጂፕሰም፣ ከጂፕሰም ወደ ሕያው ሰው ይሸጋገሩ ነበር። እኔ ግን ሁለተኛውን ደረጃ ሳልጨርስ ወደ መጨረሻው ገባሁ። ሦስት ወር ሙሉ የሣልኋቸው ፊቶች በሙሉ ግንባራቸው የጠበበ፣ ዓይናቸውም ወደ ላይ የወጣ ነበር። ዓይን የሚገኘው በራስ ቁመት አጋማሽ ገደማ መሆኑን ባውቅም፣ ጀማሪ ልቡ ያለው ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ላይ ስለሆነ ግንባርና ጠጉር የሚይዙትን ስፍራ ሳይታወቀው ያሳንሰዋል፤ እውቀቱ ወደ እጄ አልወረደም ነበር።

ተመልሼ ሲኒ መሣል ጀመርሁ። የሲኒ አፍ ክብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጎን ሲያዩት ግን ሞላላ ነው፣ የዓይናችን ከፍታ ወደ ሲኒው አፍ በቀረበ ቁጥርም እየጠበበ ሄዶ መስመር ይሆናል። ክንድን ዘርግቶ፣ ክርንን ሳያጥፉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ በእርሳስ መለካት የሚለመደው እዚህ ላይ ነው። የዓይን ቆብም በኳስ ላይ የተጠመጠመ ስለሆነ ልክ እንደ ሲኒው ጠርዝ ይታጠፋል፤ ይህን የገባኝ ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጀበና ደግሞ አንገቱና ሆዱ ስለሚለያዩ ከሲኒ ቀጥሎ እጅግ ጥሩ መልመጃ ነው።

ጥላን በአንድ መብራት ሥር በተቀመጠ ነጭ እንቁላል ይለማመዱ፤ በጥላው ጠርዝ የሚታየውን የተንጸባረቀ ብርሃን ከሚገባው በላይ እንዳያፈኩት ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ያነጻጽሩ።

በአንድ ነገር ግን ከብዙ መምህራን እለያለሁ፦ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎችን በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ መንደፍ ደረጃውን አያፈርስም፣ ጉጉትዎንም ይጠብቃል። መምህርዎ ሣጥኑን አሥለው ልኬቱን የማያርሙልዎት ከሆነ ግን መለወጥ ያለበት መምህሩ እንጂ ደረጃው አይደለም።