የአዳማን የባቡር መስመር በጠረጴዛ ላይ ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ የአዳማ ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል ጥቂቶች የቀድሞውን የምድር ባቡር መስመር በትንሽ ሞዴል ለመሥራት መነሣታችሁን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በምድር ባቡር የትራፊክ ክፍል፣ በየጣቢያው ባቡር በመቀበልና በመሸኘት ስለሆነ፣ ስለ ኮላና ስለ ቀለም የምመክራችሁ ብዙ የለኝም፤ በዚያ እናንተ ትበልጡኛላችሁ። የምጽፍላችሁ ሞዴሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ሥራ፣ ማለትም በላዩ ባቡሮችን ስለ ማስተናገድ ነው። ብዙ ሰው ሐዲዱን ክብ አድርጎ ይዘረጋና ባቡሩን ሲያዞር ይውላል፤ ሳይቆይም ይሰለቸዋል። የእውነቱ መስመር ግን መነሻና መድረሻ፣ ጭነትና ተራ ነበረው፤ ነጠላ ሐዲድ ባለው የገጠር መስመር ላይ ደግሞ ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው፤ ደስታውም ከዚያው ይገኛል።

የመስመሩን ታሪክ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ አንድ ሜትር ነበር። በዓለም ላይ በብዛት በሚሠራበት በ1 ለ 87 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሳችሁ ካሰባችሁት፣ አንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 11 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ መስመሩ በሙሉ 9 ኪሎ ሜትር ጠረጴዛ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያን ያህል ኮምፔንሳቶ በከተማችን ቢገኝ እንኳ የሚገዛው የለም። ስለዚህ ከአዳማ እስከ ወለንጪቲ ያለውን ብቻ ያዙ፣ ሲመቻችሁ መተሐራን ጨምሩበት። የአንድ ሜትሩ ስፋት በዚህ መጠን 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚሆን፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይስማማችኋል።

ከዚያ በፊት ዘመን ምረጡ። የንጉሡን ዘመን ከመረጣችሁ በጣቢያው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ናዝሬት ነው። የእንፋሎቱን ጊዜ የወደደ ሰው በናፍጣ የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች ከ1940ዎቹ ጀምሮ እንደ መጡ ማወቅ አለበት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ሌላ መስመር፣ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ከአሮጌው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ባትቀላቅሉት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአዳማ እስከ ወለንጪቲ ያለው ርቀት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስድበታል። በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ግን በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ሐዲድ ምናልባት ሦስት ሜትር ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በ1 ለ 87 መጠን በሴኮንድ 13 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ ባቡሩ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ይደርሳል። ይህ ክፍተት ካልታረመ የጉዞ ሰሌዳችሁ ትርጉም ያጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስድስት እጥፍ የሚፈጥን ሰዓት መጠቀም ነው፤ ግማሽ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ሁለተኛው፣ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ኮረብታ ሠርታችሁ ከኋላው የተሸሸገ ሐዲድ መዘርጋት ነው። ባቡሩ ከአዳማ ወጥቶ ከዓይን ይሰወራል፣ ከኮረብታው ጀርባ ይቆማል፣ ሰሌዳው የሚፈቅድለት ሰዓት ሲደርስም ወደ ወለንጪቲ ብቅ ይላል። በዚያች አምስት ደቂቃ የወለንጪቲው የጣቢያ ሹም ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ የሚመጣውን ባቡር በየትኛው ሐዲድ እንደሚቀበል የሚወስነው ያኔ ነው።

አንድ ሐዲድ ብቻ ባለበት መስመር ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሊገናኙ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። የአዳማው ሹም ባቡር ከመልቀቁ በፊት ወለንጪቲን በስልክ መጠየቅ፣ የወለንጪቲውም መንገዱ ነጻ መሆኑን አረጋግጦ መመለስ፣ ሁለቱም የተባባሉትን ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ማስፈር አለባቸው። እናንተም ክፍሉን በመጋረጃ ከፍላችሁ ሁለቱ ሹሞች እንዳይተያዩ አድርጉ፤ ርካሽ የመጫወቻ ስልክ ወይም ሁለት ሞባይል ይበቃል። ከወለንጪቲ በኩል የሚመጣው ባቡር ከዘገየ የአዳማው ባቡር ይቆማል፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ሹሙም መልስ ያዘጋጃል። ወለንጪቲ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ መተላለፊያው ሐዲድ ይገባል፣ የመጨረሻው ፉርጎ ባቡሩን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚያሻግረውን መቀየሪያ ማለፉ በዓይን ይታያል፣ መቀየሪያው ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሌላው ይገባል። አንዲት ርምጃ ብትዘለል ሁለቱ ሎኮሞቲቮች አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። ይህን ሥርዓት ሳያቋርጡ የሚፈጽሙ ሁለት ልጆች፣ ውድ ሞዴል ገዝተው ባቡር ከሚያዞሩት ይልቅ የባቡርን ሥራ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፍጥነት ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። ርካሽ ሞተር ብዙ ጊዜ ይበራል እንጂ አይሄድም፤ ስለዚህ በጥርሳማ ማርሽ አዘግዩት፣ በመታጠፊያና በድልድይ ላይ ደግሞ የፍጥነት ገደብ ሰሌዳ አቁሙና አክብሩት። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር በመታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለቀልድ ብላችሁ ባቡር ገደል የምታስገቡ ካላችሁ፣ በዚህ መስመር ላይ ይህን አታድርጉ፤ የሟቾቹ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ።

ጭነቱም ምክንያት ይኑረው። ከአዋሽ እስከ አዳማ ምድሩ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከጅቡቲ በኩል የሚመጣው ነዳጅና ዕቃ ዳገት ይወጣል፣ ከመሀል አገር የሚወርደው ቡናና ቆዳ ቁልቁለት ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ሜዳ ቢሆንም እንኳ ሕግ አውጡ፤ ወደ አዋሽ ስምንት ፉርጎ የሚወስድ ሎኮሞቲቭ ወደ አዳማ ሲመለስ ከአምስት በላይ አይጎትትም በሉ። ለእያንዳንዱ ፉርጎ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደ ጫነ የምትገልጽ ትንሽ ካርድ ጻፉለት። መተሐራ ሲጨመር ስኳር የሚጫንበት ባዶ ፉርጎ ከአዳማ በጊዜው መላክ ይኖርበታል፤ ካልተላከ ፋብሪካው ይጮኻል፤ የሚጮኸውንም ከመካከላችሁ አንዱን ሹሙት። የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲያስጨንቅ እንደ ኖረ ስለሚታወቅ፣ በዚያ በኩል ለሚያልፍ ባቡር የዝግታ ትእዛዝ መስጠትም ተገቢ ነው።

የከተማችን ነፋስ የተርባይን ማማዎችን ያዞራል፣ ለእናንተ ግን አቧራ ያመጣል። በሐዲዱ ላይ የተቀመጠ አቧራ መብራቱ ወደ ሞተሩ እንዳይደርስ ስለሚያግድ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ጭረቱ ቆሻሻ ይሰበስባል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ደግሞ የ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ይኑራችሁ።

በዚህች ከተማ የቀሩትን የምድር ባቡር ጡረተኞች ፈልጋችሁ ጠይቋቸው። አንድ አዛውንት ስለ ሎኮሞቲቩ ቀለም ሲጠየቁ ሊያመነቱ ይችላሉ፤ ሌሊት ወለንጪቲ ላይ ባቡር እንዴት ይጠብቁ እንደ ነበር ብትጠይቋቸው ግን እስኪመሽ ያወሩላችኋል፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ከአሮጌው መስመር ከተረፈው ብረትና ሰሌዳ ግን አንዲት ብሎን እንኳ እንዳታነሡ፤ ሜትር ይዛችሁ ለኩ፣ ፎቶ አንሡ፣ ባለበት ተዉት።

ለመጀመሪያው የጉዞ ሰሌዳ ሦስት ባቡር ይበቃችኋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከአዳማ የሚነሣ ሰውና ዕቃ የሚጭን ባቡር፣ ከወለንጪቲ በኩል የሚመጣ አንድ የነዳጅ ባቡር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዶ ፉርጎዎችን የሚሰበስብ ሌላ ባቡር። ሁለቱ የጠዋት ባቡሮች ወለንጪቲ ላይ ሳይጋጩና መዝገቡ ሳይፋለስ መተላለፍ እስኪለምዱ ድረስ አራተኛ አትጨምሩ፤ የመተሐራንም ጣቢያ እስከዚያው አቆዩት።