ፎልስ ብዬ ጽፌ ለምን ትሩ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነው። ለአንድ መድኃኒት ቤት በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የዌብ ፕሮግራም መስሪያ) የሽያጭ ሲስተም ሰርቻለሁ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ደሴ ፒያሳ ሌላው እዚህ እኛ ጋ፣ የዳታቤዝ ፓስወርዱና የሰርቨሩ አድራሻ ኮዱ ውስጥ ስለሆነ አዲስ ኮድ በጫንኩ ቁጥር ሁለቱም ጋ መቀየር አለብኝ። አሁን ፓይተን-ዶትኤንቭ የሚባለውን ትንሽ ላይብረሪ አስገብቼ ዶትኤንቭ ፋይሉ ላይ ዲበግን (ስህተቱን በዝርዝር የሚያሳየውን ቅንብር) ፎልስ፣ ማለትም ይጥፋ አልኩት፣ ግን ኤረር ሲፈጠር ያ ኮዱን የሚዘረግፈው ቢጫ ገጽ አሁንም ካሸሯ ላይ ይመጣባታል። ለምን? ኮዱ ጊትሃብ (በጊት የኮድ ማስቀመጫ ድረገጽ) ላይ ነው ያለው።

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ላይብረሪው ጥፋት የለበትም። ስራው ዶትኤንቭ ፋይሉን አንብቦ ያገኘውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጪ ያለ ቅንብር) ውስጥ መክተት ነው፣ እዛ የገባ ነገር ደግሞ ሁሉም ስትሪንግ (ተራ ጽሑፍ) ነው፣ ቁጥር የለ ቡሊያን (ትሩ ወይም ፎልስ) የለ። አንተ ፎልስ ስትል ፓይተን የሚያየው አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው፣ ባዶ ያልሆነ ስትሪንግ በሙሉ ለእሱ ትሩ ነው፣ ቡል ፋንክሽን ውስጥ ብትከተውም ያው። እኔ ብሆን ፓይተን-ዲካፕል የሚባለውን ሌላ ላይብረሪ ነው የምጠቀመው፣ ካስት (ዓይነት መለወጫው) የሚለው ላይ ቡል ካልከው ትሩ ፎልስ፣ የስ ኖ፣ 1 እና 0 ሁሉንም አስተካክሎ ይለውጥልሃል። መጀመሪያ ኢንቫይሮመንቱን ያያል፣ ካጣ ፋይሉን፣ እዛም ካጣ ዲፎልቱን (ካልተሞላ እንዲወስድ የሰጠኸውን)። የዲበግን ዲፎልት ፎልስ አድርገው፣ ለፓስወርድ ግን ዲፎልት እንዳትሰጥ፣ ረስተኸው ከሆነ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ኤረር ሰጥቶ ይቁም እንጂ በገበያ ቀን ሰው ተሰልፎ እያለ አይቁምብህ።

ከዛ ኮዱ አንድ ይሆናል፣ ፋይሉ ብቻ የደሴው ደሴ የኮምቦልቻው ኮምቦልቻ ይቀመጣል። ፋይሉን ጊትኢግኖር (ጊት እንዳይወስዳቸው የሚዘረዘሩበት) ውስጥ አስገባው፣ ስሞቹ ብቻ ያሉበት ዋጋው ባዶ የሆነ ናሙና ግን ጊት ላይ ይኑር፣ ነገ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ልጅ ቢረከብህ ምን መሙላት እንዳለበት ያውቃል።

ሄሮኩ የሚባለው የክላውድ ድርጅት ሰዎች እ.ኤ.አ በ2011 ባወጡት ትዌልቭ ፋክተር በሚባለው መመሪያ ላይ ጥሩ መፈተኛ አለ፦ ኮድህን አሁኑኑ ለሁሉም ሰው ብትከፍተው የሚጋለጥ ሚስጥር አለ ወይ?

ያንተ አለ፣ እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ፓስወርዱን ዛሬ ከኮዱ ብታጠፋውም የድሮው ኮሚት (ጊት የያዘው የቀድሞ ቅጂ) ውስጥ ተቀምጧል። ሪፖው (የኮዱ ማስቀመጫ) ፕራይቬት ነው ብለህ እንዳትዘናጋ፣ የታመመ ሰው የገዛው መድኃኒት ነው እዛ የተመዘገበው። የሁለቱንም ዳታቤዝ ፓስወርድ ዛሬውኑ ቀይር፣ የጃንጎውን ሲክረት ኪይም (ሎግኢኑን የሚጠብቅበትን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ጭምር፣ እሱ ሲቀየር ሎግኢን ያደረጉት ሁሉ ስለሚወጡ ማታ ሲዘጉ ጠብቀህ አድርገው።