ድራጎኑ ይጠብቅ፦ የጌም ጥያቄዎቻችሁ

አንድ አንባቢ ስካይሪም የተባለውን ጌም 60 ሰዓት ተጫውቶ ድራጎን የሚገጥምበትን ዋና ታሪክ ገና አልነካውም። ጓደኛው «ጊዜህን አቃጠልክ» ይለዋል። ማን ልክ ነው?

አንተ። ድራጎኑ ይጠብቅህ፤ ሥራው ነው። ዓለም ልትጠፋ ነው እየተባለ አንተ ቢራቢሮ ብታሳድድ ማንም አይቆጣህም።

ጓደኛህ ጌምን እንደ ፊልም ነው የሚያየው። ካላለቀ፣ አልታየም። እንዲህ ያለ ክፍት ዓለም፣ ማለትም እንደፈለግህ የምትዞርበት ጌም፣ ግን በዋናነት የሚሰጥህ ሕግ ነው። ታሪኩ የሚወለደው ሕጎቹ ሲገናኙ ነው። ስካይሪም እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ተጫዋቾች ያገኙትን ተንኮል ታውቀዋለህ? ባልዲ ታነሣለህ። ባለሱቁ ራስ ላይ ትደፋለህ። ከዚያ ዓይኑ ሥር ሱቁን ታራቁታለህ፤ ሰውዬው ዝም! ሌባ የሚያዘው ከታየ ነው፤ ባልዲው ደግሞ ዓይኑን ጋርዶታል። ይህን ትዕይንት የጻፈ ደራሲ የለም። ዕቃ ይነሣል፣ ያልታየ ሌባ አይያዝም፤ በቃ። የቀረውን ያሰበው ተጫዋቹ ነው። ከዓመታት በኋላም ሰው የሚያወራው ስለ ባልዲው ነው።

ስካይሪም ማለቂያ አለው ወይ?

ዋናው ታሪክ አለው። ትንንሽ ሥራዎቹን ግን ጌሙ ራሱ እየፈበረከ ስለሚሰጥህ፣ የሚያልቀው ሲሰለችህ ነው።

ካርታው የሰፋ ጌም ይሻላል አይደል?

ኧረ በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የስካይሪም ቀዳሚ፣ ዳገርፎል፣ ታላቋ ብሪታንያን ያክላል የተባለለት ነው። አብዛኛውን መሬት የሠራው ኮምፒውተር ስለሆነ፣ አንዱን መንደር ካየህ ሌላውንም አየኸው። ከዚያው ቤተሰብ የ2002ቱ ሞሮዊንድ አንዲት ደሴት ላይ ነው፤ ግን በእጅ የተሠራ ነው። የሚመራህ ቀስት የለም። «ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ግራ» ይሉሃል፤ ትጠፋለህ። እኔ እዚያ ጠፍቼ ያገኘኋቸውን ዋሻዎች ዛሬም አልረሳኋቸውም።

አንዷ ኬንሺ የተባለውን ጌም በጀመረችበት ቀን ሽፍቶች ደብድበው ምግቧን ወስደውባታል። «ጌሙ ይጠላኛል እንዴ?» ትላለች።

አይጠላሽም፤ አያውቅሽም። እዚያ የተመረጠ ጀግና የለም፤ ዋና ታሪክም የለም። ተደብድቦ መነሣት ራሱ ጥንካሬሽን ያሳድገዋል። እግርሽ ቢቆረጥ እንኳ ሰው ሠራሽ እግር ይገዛል። ብቻ በተሸነፍሽ ቁጥር ወደ ድሮው ሴቭ (ቀድመሽ ወዳስቀመጥሽው ጨዋታ) አትሩጪ። እኔ ጌሙ የገባኝ መመለስ ስተው ነው።

ስጫወት ያዞረኛል።

እይታውን ከገጸ ባሕሪው ኋላ አድርገው፣ ቶሎ ቶሎ እረፍት ውሰድ። ካልተወህ ሐኪም አለ።

የመጨረሻዋ ጸሐፊ ወንድሟ በጌም የተነሣ ሥራውን ትቷል። አብሯቸው አይበላም፤ ሲነጋ ነው የሚተኛው። «ጌሙን ሲሰለቸው ይተወው ይሆን?»

እህቴ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይደለም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የጌም ሱስንም ይዟል፦ ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅት፣ ከሁሉም ሲቀድም፣ ጉዳቱ እየታየም ሲቀጥል። አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው የሚባለው፤ አንቺ ግን እስኪሞላ አትጠብቂ። ከላይ ያሞገስኩት ነገር ነው እዚህ የሚጎዳው፤ ማለቂያ የሌለው ጌም «ይብቃህ» አይልም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፤ በዚህ ሳምንት። እምቢ ካለ ብቻሽን ሄደሽ አማክሪ። ኮምፒውተሩን ከመንጠቅሽ በፊት ማለቴ ነው።