«ሳልሞኔላ አልተገኘም» የሚለው ወረቀት ዶሮዎቹን ነጻ አያደርግም

የለገጣፎዋ እህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ 400 ዕንቁላል ጣይ ዶሮ አላት፤ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው ስድስት ሞቱ፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን በመጠጥ ውሃ አምስት ቀን ሰጠች፤ በስድስተኛው ቀን የሞተችውን አንዲት ዶሮ ላብራቶሪ ወሰደች፤ በማግስቱ «ሳልሞኔላ አልተገኘም» ተባለች። በዚያው ሳምንት ልጇ «ታይፎይድ» ተብሏል። ከዶሮዎቹ ይሆን? ዕንቁላሉንስ ልሽጥ? ትላለች።

እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ አትተማመኚ። መጀመሪያ የተበላሸው ናሙናው ነው። መድኃኒት እየወሰደች ከሞተች ዶሮ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ላይበቅል ይችላል፤ ከመንጋው ጠፋ ማለት ግን አይደለም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተሸካሚ ሆነው የቀሩት መልሰው በኩሳቸው ያወጡታል። ናሙና ይቀድማል፣ መድኃኒት ይከተላል። አሁን ስላለፈ፣ መድኃኒቱ ከቆመ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀሽ ድገሚው።

ሁለተኛው፣ አንዲት ዶሮ ስለ 400 አትመሰክርም። ከ400ው 20ዎቹ ቢያዙ፣ ቢያንስ አንዷን ለማግኘት 95 በመቶ እርግጠኛ ልሁን የሚል ሰው ወደ 55 ዶሮ መመርመር አለበት። የተያዘችውም ብትሆን በየቀኑ አታወጣውም። ስለዚህ ዶሮ ከማሳደድ የሁሉም ኩስ የሚወድቅበትን ወለል መርገጥ ይሻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቦቲሽ ላይ አዲስ ፌስታል አድርጊ፣ በላዩ ከላብራቶሪ የተሰጠሽን ንጹሕ የጨርቅ ካልሲ አጥልቂ። ካልሲውን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አርጥቢው፤ ለአንድ ሊትር 8 ግራም ጨው ይበቃል። በረኪና የነካው ውሃ ከሆነ የምትፈልጊውን ራስሽ ገደልሽው። በአንድ ጥንድ ቢያንስ 100 እርምጃ፣ መጠጫውና መመገቢያው ዙሪያ፣ ዕንቁላል መጣያ ሳጥኑ ሥር፣ ማደሪያው ሥር፣ ጥጋጥጉን ሁሉ ርገጪ። ጉዝጓዙ ሰጋቱራም ይሁን ገለባ ለውጥ የለውም። ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ንጹሕ ፌስታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በር ላይ ነው፦ ካልሲውን ሳያወልቁ ጀርም ገዳይ ያለበት የእግር መንከሪያው ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። ቤቱ ውስጥ ሆነሽ አውልቂው።

ናሙናውን በረዶ ባለበት ሳጥን አድርጊ፤ በረዶው ግን ፌስታሉን በቀጥታ አይንካው፣ እንዳይረጋ። ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከለገጣፎ ለመድረስ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ስለሆነ፣ ማለዳ ውጪ፤ አርብ ከሰዓት አትውሰጂ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይነካ ይሰነብታል። ሌላ ዶሮ ብትሞት ደግሞ መድኃኒት ያልወሰደችውንና በዚያው ቀን የሞተችውን ምረጪ። ጉበቷ አብጦ ወደ ነሐስ የሚወስድ አረንጓዴ ከሆነ የዶሮ ታይፎይድ አምጪው የሳልሞኔላ ዓይነት፣ ጋሊናረም፣ ይጠረጠራል። ጉበት፣ ጣፊያ፣ ዕውር አንጀትና የዕንቁላል ማፍሪያ ሁሉም ይመርመሩ፤ ለየብቻ ይታሸጉ።

ሦስተኛው፣ «በማግስቱ» የሚለው ቃል ራሱ ያጠራጥራል። በደንቡ ከሆነ 25 ግራም ናሙና 225 ሚሊ ሊትር የፔፕቶን ውሃ (ባክቴሪያ የሚመገበው ፈሳሽ) ውስጥ ይገባና በ37 ዲግሪ 18 ሰዓት ያህል ያድራል። ይህ እርምጃ በሙቀት፣ በድርቀት ወይም በመድኃኒት የቆሰለውን ባክቴሪያ እንዲያገግም ያደርገዋል፤ ከተዘለለ የቆሰለው ቀጥሎ ያለውን፣ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚያፍን ጠንካራ ፈሳሽ መቋቋም ያቅተዋል። ከዚያ 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ተወስዶ ራፓፖርት በሚባለው 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ41.5 ዲግሪ ሌላ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ጎን ለጎን በሌላ የቴትራታዮኔት ፈሳሽም ይሞከራል። ሦስተኛ ቀን ኤክስኤልዲ በሚባል የማብቀያ ሳህን ላይ ይዘረጋል፤ ሮዝ ሆኖ መሐሉ የጠቆረ የባክቴሪያ ቅንጣት በአራተኛው ቀን ይታያል። እሱም ገና ጥርጣሬ ነው፤ ፕሮቲየስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያም ሊጠቁር ስለሚችል በዩሪያ ምርመራ ይለያል፣ ከዚያ በፀረ ሴረም ይረጋገጣል። እንግዲህ ከአራተኛው ቀን በፊት «የለም» የሚል ሰው ባክቴሪያውን በማብቀል ዘዴ (በካልቸር) አላየም። ናሙናውን ስትሰጪ «ጋሊናረም ወይም ፑሎረም እጠረጥራለሁ» ብለሽ አስጽፊ። ፑሎረም በተለይ ጫጩት የሚጨርሰው የሳልሞኔላ ዓይነት ነው። እነዚህ ሁለቱ አይንቀሳቀሱም፤ የባክቴሪያውን እንቅስቃሴ ተከትሎ በሚሠራ ማብቀያ ላይ አይታዩም፣ ሳህኑም እስከ 48 ሰዓት ሊቆይላቸው ይገባል።

ስለ ልጁ፦ የሰው ታይፎይድ አምጪው ታይፊ ማደሪያው ሰው ብቻ ነው፤ ከዶሮ አይመጣም። ዶሮን የሚጨርሰው ጋሊናረምም ሰውን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። አስቸጋሪው ኢንተራይቲዲስ የሚባለው የሳልሞኔላ ዓይነት ነው፦ ዶሮዋ ጤነኛ መስላ ትጥላለች፣ ዕንቁላሉ ውስጥ ይገባል፣ ሰውን ያሳምማል። ልጁ የተመረመረው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ከሆነ ውጤቱ ብዙ አይነግርሽም፤ ታይፊና ኢንተራይቲዲስ 9 እና 12 የሚባሉትን በባክቴሪያው ገጽ ላይ ያሉ መለያዎች (አንቲጂኖች) ስለሚጋሩ ምርመራው አንዱን ከሌላው አይለይም። የደም ወይም የሰገራ ካልቸር እንዲታዘዝለት ጠይቂ። እስከዚያው ካስቀመጠው ኦ አር ኤስ አጠጪው፤ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ካልበረደ ወይም ከዛለ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ዕንቁላሉን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የመድኃኒቱ መለያ ላይ የተጻፈውን የመቆያ ቀን (መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ዕንቁላሉ የማይበላበትን ጊዜ) ጨርሺ፤ ዋጋው ያንገበግባል ግን መንገድ የለውም። ከዚያ በኋላም ድጋሚው ውጤት እስኪመጣ አትሽጪ። የተሰነጠቀውን ጣይ። የቆሸሸውን በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቢ፤ ሞቃቱ ዕንቁላል ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተርና ቆሻሻውን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይስባል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። በእናንተ ከፍታ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ከቆላው ትንሽ ጨምረሽ ቀቅይው፤ አስኳሉ ከጠጠረ ሳልሞኔላ አይተርፍም።

ዶሮ ወጥ ላይ አያሳስብም፣ ድስቱ በደንብ ያበስለዋል። አሳሳቢው ከወጡ በፊት ያለው ነው፦ ሥጋው በሎሚና በጨው ሰባት ጊዜ ሲታጠብ ውሃው የሚረጨው ሰላጣው የሚከተፍበት ጣውላ ላይ ነው። ሎሚው ጠረኑን ያጠፋል፣ ባክቴሪያውን አያጠፋም። ሳፋውን መሬት ላይ አድርጊ፣ ሰላጣው ቀድሞ ተከትፎ ይነሳ፣ ቢላውና እጅ በሳሙና ይታጠቡ።

ውጤቱ ጋሊናረም ከሆነ 9አር የሚባለውን ሕያው ክትባት ለሚቀጥሉት ቄቦች አስቢበት። ለታመመው መንጋ መድኃኒት አይደለም፤ በክትባቱ ሰሞንም አንቲባዮቲክ ከተሰጠ ክትባቱን ራሱን ይገድለዋል።