ያለ መኪና አዲስ አበባ ለምትገቢው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። አጭር መልስ ጽፌ መልሼ አጠፋሁት፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከሐዋሳ ልትመጪ ነው። ሥራሽ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አለሽ። መኪና የለሽም፣ የመግዛትም ሐሳብ የለሽም። «የት ሰፈር ልከራይ? ለመሆኑ ያለ መኪና ይኖራል ወይ?» ነው ያልሽው።

ይኖራል። እኔም ከሐዋሳ ነው የመጣሁት፣ በ2011። እስከ ዛሬ መሪ አልጨበጥኩም። ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው።

ሐዋሳ ቤት ስንከራይ ስለ መንገድ ማን ያስባል? ከተማው ሜዳ ነው። ባጃጅ ከበር ላይ ትይዣለሽ፤ ከአቶቴ ተነስተሽ ሐይቁ ዳር እስክትደርሺ ሰዓት አታዪም። እኔም ያንኑ ልማድ ይዤ መጣሁ። አንድ ደላላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አሳየኝ። ሁለት መኝታ፣ ንጹሕ፣ ፀሐይ የሚገባው ቤት። ኪራዩ መሀል ከተማ ካለ ስቱዲዮ ያነሰ። የሄድነው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፣ ያውም በደላላው ጓደኛ መኪና። «ሜክሲኮ እኮ ቅርብ ነው፣ ባቡር አለልሽ» አለኝ። ፈረምኩ። የስድስት ወር ከፈልኩ።

ሰኞ ጠዋት ነገሩ ገባኝ። ባቡሩ የሚነሳው ከቃሊቲ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ አይደርስም። ከቤት እስከ አስፋልት በእግር። ከዚያ ሃይገር ወይም ሚኒባስ ጠብቆ ቃሊቲ። ከቃሊቲ ባቡሩ ከተገኘ በባቡር፣ ካልተገኘ በታክሲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ደግሞ ሌላ ታክሲ። 2፡30 ቢሮ ለመግባት 11፡30 ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከቤት እወጣ ነበር።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ጠዋት ሰው ጉልበት አለው። የሚገድለው ማታ ነው። ማታ ታክሲዎቹ መንገዱን ይቆራርጡታል። ታፔላው ላይ የተጻፈው ረጅሙ መስመር ነው፤ ረዳቱ የሚጣራው ግን እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ነው። ግማሹ ጋ ወርደሽ እንደገና ትሰለፊያለሽ፣ እንደገና ትከፍያለሽ። አንድ የሐምሌ ማታ ሳሪስ አቦ ላይ በዝናብ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ነይ ጃንጥላው ሥር ግቢ» አሉኝ። መጨረሻ ላይ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር አዋጥተን ላዳ ኮንትራት ያዝን። እዚያ ቆሜ ነው ሒሳቡን የሠራሁት። በቀን ሦስት ስሄድ፣ ሦስት ስመለስ። በወር 22 የሥራ ቀን። 132 ጊዜ መሳፈር ማለት ነው። 132 ጊዜ ሰልፍ፣ 132 ጊዜ ግፊያ፣ 132 ጊዜ ዝርዝር ፍለጋ። በኪራይ ያተረፍኩት ገንዘብ የት እንደገባ ያን ጊዜ ታየኝ። በአምስተኛው ወር ለቀቅኩ። የስድስተኛው ወር ብር በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ቤት ስታዪ መጀመሪያ የምትቆጥሪው የኪራዩን ብር ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደምትሳፈሪ ነው። ከቤት እስከ ቢሮ አንድ ጊዜ ከሆነ ተደራደሪ። ሁለት ከሆነ አንዱ ባቡር ወይም በእግር ሄደሽ የምትይዢው አውቶቡስ መሆን አለበት። ሦስት ከሆነ ቤቱ ቤተ መንግሥት ቢሆን እንኳ እለፊው።

በዚህ በኩል ዕድለኛ ነሽ። ሜክሲኮ ሁለቱም የባቡር መስመሮች የሚያልፉበት ቦታ ነው። በ2008 ሥራ ሲጀምር አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ሆኖ ነው የተዘረጋው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ሁለቱ ይጋሩታል። ሜክሲኮ እዚያ መሀል ነው። ስለዚህ በምሥራቅ አያት፣ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፤ በደቡብ ላንቻ፣ ንፋስ ስልክ፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፤ በምዕራብ ኮካ ኮላና ጦር ኃይሎች፤ ሁሉም ላንቺ ያለ ቅያሪ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ካርታ የማይነግርሽ ነገር አለ። ቅርብ ሁሉ ቅርብ አይደለም። መገናኛ ከአያት ይልቅ ለሜክሲኮ በጣም ይቀርባል። ጠዋት 1፡30 ላይ ግን መገናኛ የሚደርሰው ባቡር ከአያት ጀምሮ ሲጭን የመጣ ነው። በሩ ይከፈታል፣ አንቺ ትገፊያለሽ፣ በሩ ይዘጋል፣ አንቺ ውጪ ነሽ። አያት ወይም መሪ ያለችው ሴትዮ ተቀምጣ ታልፍሻለች። ታክሲም እንዲሁ ነው። መነሻው ላይ ሰልፉ ቢረዝምም ይንቀሳቀሳል፣ ተራሽ ሲደርስ ትቀመጫለሽ። መሀል መንገድ ላይ ሰልፍ የለም፤ ግን የሚያልፈው ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወይ በእግር የሚደረስበት ያህል ተጠግተሽ ተከራዪ፣ ወይ የመስመሩ መነሻ ላይ ተከራዪ። መካከለኛው ነው የሚያንገላታው። ማታ ከሜክሲኮ ስትመለሺ ባቡሩ ውስጥ መግባት ካቃተሽ ደግሞ ወደ ልደታ አንድ ሁለት ፌርማታ በእግር ወደ ኋላ ሂጂና ከዚያ ተሳፈሪ። ሞኝ የሚመስል ዘዴ ነው፤ እኔን ግን ብዙ ቀን አውጥቶኛል።

ሰፈር ጥቀሺ ካልሽኝ ሁለት እጠቅሳለሁ። አንዱ ልደታ ኮንዶሚኒየምና አካባቢው ነው። ለሜክሲኮ በእግር ነው። ኪራዩ ያስደነግጣል። ግን የትራንስፖርቱን ወጪ ደምሪና የምታተርፊውን ሰዓት ጨምሪበት፤ ከዚያ በኋላ እንደ መጀመሪያው አያስደነግጥም። ሁለተኛው ጀሞ ነው። ጀሞ–ሜክሲኮ በመካኒሳና በሳር ቤት በኩል አንድ ታክሲ ነው፣ መነሻውም እዚያው ነው። እኔ ከቱሉ ዲምቱ ወጥቼ የገባሁት ጀሞ ነው፣ አሁንም እዚያው ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ እንዳዳላሁ ቁጠሪው። መንገዱ ይዘጋጋል፣ አልዋሽሽም። ግን ተቀምጦ መዘጋትና ቆሞ መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ሌላ ማንም ያልነገረሽ ነገር። የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፣ ስለዚህ ፐብሊክ ሰርቪስ የሚባለው የሠራተኞች አውቶቡስ አለልሽ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት አውቶቡሶቹ ሠራተኛውን በመታወቂያ በነጻ ነው የሚጭኑት። ቤት ከመፈለግሽ በፊት ቢሮ ያሉትን ባልደረቦችሽን ጠይቂ። ማን ከየት ሰፈር ይመጣል? ስንት ሰዓት ላይ ያልፋል? የት ይቆማል? መቆሚያው አጠገብ ቤት ካገኘሽ ከላይ የጻፍኩት ሒሳብ ሁሉ ይቀየራል። ብቻ ሰዓቱ ቁርጥ ነው፤ አምስት ደቂቃ ከዘገየሽ ያው ወደ ሰልፉ ነሽ።

እዚህ ጥያቄሽ ሥር ከኔ በፊት አንዱ ወንድማችን «ራይድ አለ፣ ምን ያስጨንቃል?» ብሏል። ወንድሜ፣ በየቀኑ ነው የምትለው? ደመወዙን ለሹፌሩ በቀጥታ ማስተላለፍ ይሻላል። ራይድም ሆነ ፈረስ፣ እነዚህ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ለተወሰነ ነገር ናቸው፦ ልጅ ስትታመም፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከገበያ ዕቃ ሲኖር። ለዚህ በየወሩ ትንሽ ብር ለይተሽ አስቀምጪና ስትጠቀሚበት አይክፋሽ። በዝናብ ሰዓት ግን ሁሉም ነው የሚጠራው፣ አትተማመኚበት።

ስለ ልጅሽ። ትምህርት ቤቷ ከቤትሽ ይጠጋ፣ ከቢሮሽ አይጠጋ። ብዙ እናቶች «አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን» ብለው ቢሮ አጠገብ ያስመዘግባሉ። ለባለ መኪና ጥሩ ሐሳብ ነው። ላንቺ ግን ልጅቷን በየቀኑ ግፊያ ውስጥ ማስገባት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ማቀፍ አይቻልም፤ ብታቅፊያትም ረዳቱ ሒሳብ ይላል። በእግር አሥር ደቂቃ የሚሄድ ትምህርት ቤት ፈልጊ፣ ከዚያ ቤቱን እሱን ተከትለሽ ምረጪ። የሚመልሳት ታማኝ ሰው ካገኘሽ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ወጪም ይቀርልሻል።

መኪና ለሌለው ሰው የቤቱ ወለልም ትራንስፖርት ነው። ኮንዶሚኒየሞቹ አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ጤፉን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ወፍጮ ቤት፣ አትክልት ቤትና ፋርማሲ በእግር ይደረሳል ወይ? ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው ወይስ ጭቃ? በበጋ የምታዪው አቧራ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን ጎረቤት ጠይቂ፤ ደላላ አትጠይቂ።

ውል ላይ እኔ የሠራሁትን አትሥሪ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ያዛል። የስድስት ወር አምጪ የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው። ሁለት ዓመት ደግሞ ላንቺ ጥበቃ ነው፤ በዚያው ልክ ግን አንድ መስመር ላይ ሁለት ዓመት መመላለስ ሊሆን ይችላልና ቸኩለሽ አትፈርሚ።

ዕቃሽን በአይሱዙ የምታስመጪ ከሆነ ስለ ጫኝና አውራጅ አስቀድመሽ አከራይሽን ጠይቂ። ሰፈሩ ውስጥ የተደራጁ ልጆች ይኖራሉ። መኪናው ቆሞ፣ ዕቃው መሬት ላይ ተዘርግፎ መደራደር ከጀመርሽ ተሸንፈሻል። ዋጋውን ከመድረሱ በፊት ጨርሺ። ያልጠቀመሽን ዕቃ እዚያው ሽጪው።

«ብስክሌቴን ላምጣ ወይ?» ብለሽ ነበር። አምጪው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ወሎ ሰፈር ያለው መንገድ የብስክሌትና የእግረኛ መስመር አለው፤ ከለቡ እስከ ጀሞም አለ። ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ዳገታም ከተማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሳንባሽ ይነግርሻል። ለእሑድ ይሁንልሽ።

ቦርሳሽን ከፊት አድርጊ፣ ስልክሽን በመስኮት በኩል አትያዢ። የኔ ሁለት ስልክ እንዲያ ነው የሄደው።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ማረፍ ከቻልሽ እረፊ። ቤት በቅዳሜ አትዪ። የወደድሽው ቤት ሲገኝ ሰኞ ወይም ማክሰኞ 11፡30 ላይ፣ ቢሮ ሲወጣ፣ ሜክሲኮ ሂጂና እንደ ነዋሪ ተሰለፊ። ከዚያ ተነስተሽ ቤቱ በር ድረስ ሂጂ። ሰዓትሽን ያዢ። ደላላው «እኔ በመኪና ላድርስሽ» ቢልሽ እንቢ በይ። ሦስት ሰፈር እንዲህ ከሞከርሽ በኋላ ውጤቱን እዚሁ ጻፊልኝ። ጀሞ ከወጣልሽ ደግሞ የትኛው ብሎክ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያገኝ በውስጥ መስመር እነግርሻለሁ።